በሲባጎ የታሰረ ብዕር

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፥ ዝናብ መስኮት ሲደበድብ፣
ቅጽ ታቅፌ እዞራለሁ፥ የታማሚን ስም ላነብብ።
ሥራዬ ቁስል ማጠብ አይደል፥ ደም ግፊትም አልለካም፤
«ካርድ አለዎት?» ነው ጥያቄዬ፥ ሌላ ነገር አልነካም።

ይህ የአየርላንድ ምዕራብ ነው፥ የሕዝብ ነው ሆስፒታሉ፤
ዋርዱ ሞልቶ፣ ኮሪደር ላይ፥ በባለጎማ አልጋ አሉ
አሥራ ዘጠኝ ነፍሶች ዛሬ፤ ማላኪ አሥራ አንደኛው፣
ከለስላሳ መሸጫ ማሽን፥ ከመብራቱ ሥር የተኛው።
ካፖርቱ ከእግሩ ሥር ታጥፎ፥ የረግረግ አፈር ጭስ ይሸታል፤
ሚስቱ ዲምፕና ከሞተች፥ በሚያዝያ ዓመት ይሆናታል።
መድኑን የገባችው እሷ፥ ከእንቁላል ገንዘብ ቆርሳ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ከፈለች፥ አንዲት ወር እንኳ ሳትረሳ።

«እዚህ ላይ ቢፈርሙልኝ» አልኩት፥ «የግል ታካሚ ይሆናሉ፤
ለሌሊቱ ስምንት መቶ ዩሮ፥ መድን ሰጪዎቹ ይከፍላሉ።»
መነጽሩን ፈልጎ አጣ፤ ቅጹን አራቀ፣ አቀረበ፤
«ምን ይጨመርልኛል ታዲያ?»፥ እንደ በግ ገዢ አሰበ።

«አልጋ?»
          «የለም።»
«መጋረጃ?»
          «እሱም የለም።»
«ሐኪሙስ?»
          «ያው ነው፤ ለሁሉም ያው ነው።»
«ሾርባውስ?»
          «ያው ነው።»
(ሾርባው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀዝቃዛ ነው።)

ሳቀ። ሳቁ ሳል አመጣ፤ ሳሉ አልጋውን ነቀነቀ።
«እንግዲያው የቱ ጋ ነው ግሌ?» ብሎ በቀስታ ጠየቀ።
«ለመንግሥት በግብር ታለብኩ፥ ለመድን ደግሞ ታለብኩኝ፤
አሁን ደሞ በሌሊት መጣሽ፥ ባልዲ ይዘሽ፣ ልታልቢኝ?»

እኔ ባልዲ አልነበርኩም። የቤት ኪራይ አለብኝ፣ ልጅ አለኝ፤
ከላይኛው ፎቅ ሰንጠረዥ ይወርዳል፥ «ያመለጠ ገቢ» የሚለኝ።
ገንዘቡ ለነርስ ደሞዝ ነው አሉ፥ ለሚያፈስ ጣሪያ መድፈኛ፤
ይሆናል። ጣሪያው ያፈስሳል።
ባልዲው እዚያ ጥግ ነው፣ የኛ።

ከጎኑ ፋክትና ተኝቷል፥ ካርድ የሌለው ዓሣ አስጋሪ፤
ሌሊቱን በትኩሳት ግሎ፥ ከሞተች እናቱ ጋር ተነጋጋሪ።
ማላኪ ወደ እሱ አየና፥ «ይህስ ስንት ነው ለሌሊቱ?»
«ምንም» አልኩት። «ጥሩ» አለና፥ ብዕሬን ሳበ ከአንገቱ።

ብዕሩ በሲባጎ ታስሯል፥ ከቅጽ መያዣው ሰሌዳ፣
ሲባጎው አጭር ስለሆነ፥ ጎንበስ አልኩ እንደ ባለዕዳ።
«ዲምፕና» ብሎ ጻፈ፣ ሰረዘ፥ ከሥሩ ስሙን አሰፈረ፤
ሰዓቱን ሞላሁ፦ ስምንት ከሃያ።
ሕዝብ ወደ ግል ተዛወረ።

ንጋት ላይ አንድ ክፍል ተገኘ፤ በር ያለው፣ መስኮት ያለው፣
መብራቱን ታማሚው ራሱ፥ ሲሻው የሚያጠፋው።
ነርሷ ኢትና እየሮጠች፥ የላብራቶሪ ወረቀት አየች፣
የአልጋ ፍሬን በእግሯ ፈታች፣
ፋክትናን ይዛ ገፋች።
ተላላፊ ነው። ያንን በር
ካርድ አይከፍተውም፤ ትኩሳት እንጂ።

ማላኪ ነቅቶ ነበር። የጎማውን ጩኸት ሰማ፤
እጁን አነሳ፣ ከወደብ ቆሞ ጀልባ እንደሚሸኝ ሰው፦
«ተኛበት ልጄ» አለው፣ «እኔ ከፍዬበታለሁ።»
ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ
በአንድ ዓይኑ ጠቀሰኝ።

ደረሰኙን ያተምኩት እኔ ነኝ፦
አንድ ሌሊት፣ የግል ማረፊያ፣ ስምንት መቶ።
«የአልጋ ቁጥር» የሚል ሣጥን አለ፤
«ኮሪደር» ብጽፍ ኮምፒውተሩ አይቀበልም፣
ባዶ ብተወው አይታተምም።
«አሥራ አንድ» ብዬ ሞላሁ። አመነኝ።

ዝናቡ አላቆመም። የጥጉን ባልዲ ደፍቼ መለስኩ፣
ብዕሩን ከነሲባጎው፣ ከሰሌዳው ላይ አንጠለጠልኩ።
ደጅ ላይ ሌላ አምቡላንስ ይገባ ነበር።